ካርዱን ስለገለበጠችው አመልካች

ለማዕረገ ልህቀት ኢንተርናሽናል አፀደ ሕፃናት መሥራችና ርዕሰ መምህርት
ለክብርት ወይዘሮ ሄርሜላ
ጉለሌ

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄን ስለመለሳችሁልኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ መላው የትምህርት ቤትዎ ሠራተኞችም፣ በግቢዎ መሐል የተነጠፈው አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣርም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ የዘወትር ጸሎቴ ነው። የእንጦጦዋ ማርያም ዕድሜውን ከነብርታቱ ትስጥልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን እርስዎ ቢሮ ደርሶ ለመመለስ አላነሰኝም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከትምህርት ቤትዎ ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምዋሰን፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ወይራ ያለበት ቤት ባለቤት፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርና የኢየሩ አያት ነኝ። ኢየሩ ማለት በቅርቡ ለነርሰሪ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ቀርባ «ገና አልደረሰችም» ተብላ የተመለሰችው የአራት ዓመት ልጅ ናት። ደብዳቤዬን በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ በሠፈራችን ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ሱቁ ጋ ግን ዳቦ ለመግዛት ብቅ ማለትዎ ስለማይቀር፣ እዚያ ቢያነቡት ይቀልልዎታል ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይገባችኋል። እኛ ኋላ ቀሮቹ ልጅን ለትምህርት ቤት እናዘጋጅ የነበረው በጨዋታ ነበር። ኢየሩና የጎረቤቴ የገለታ ልጅ ኦልያድ ከጠዋት ጀምረው ወይራው ሥር ናቸው። ጭቃ ያቦካሉ፣ ጠጠር በየመጠኑ ይደረድራሉ፣ ጉንዳን ወዴት እንደሚሄድ ይከተላሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ዝናብ ሲጥል በጎርፉ መንገድ ላይ የጭቃ ግድብ ይሠራሉ፤ ግድቡ ሲናድ ደግሞ በማን ጥፋት እንደተናደ ይከራከራሉ። የእኔ ሥራ ወንበሬን አውጥቼ መቀመጥና እንጨት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ዝግጅት ይመስለኝ ነበር። ምክትልዎ መምህር ማቲያስ በትሕትና እንዳስረዱኝ ግን ነገሩ ጊዜ ማባከን ኖሯል። ከስሕተቴ ስላነቃችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን፣ ለማወቅ ካለኝ ጉጉት የተነሣ ጥቂት ነጥቦችን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በተከፈተው በር በኩል ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁና አጋንኗል እንዳይሉኝ።

፩. ስለ ቅጠሉ። ለኢየሩ አንድ ካርድ ላይ የተሳለ ቅጠል ቀርቦላት ቀለሙ ምን እንደሆነ ተጠየቀች። ልጅቷ በመመለስ ፈንታ ካርዱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ፈታኟ መምህርት ካርዱን ወደ ቦታው መለሱት፤ ኢየሩም በድጋሚ ገለበጠችው። የወይራ ቅጠል ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው ግን ወደ ብርማ ያደላል። ይህች ልጅ ከወይራ ሥር ያደገች በመሆኗ፣ ቅጠል ሲባል ሁለት ጎን ያለው ነገር ይመስላታል። በካርዱ ጀርባ ያገኘችው የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ነው። ፈታኟ ሲያሰናብቱን «የትምህርት ቤት ዕቃ ትገለብጣለች» አሉኝ፤ እኔም የልጅ ልጄን ወክዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

፪. ስለ እርሳሶቹ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ እንድትቆጥር ታዘዘች። እናቷ ሄራን በታክሲ ውስጥም፣ ፀጉሯን ስትሠራትም ስታስቆጥራት ስለከረመች ቁጥሩ አይጠፋትም። ችግሩ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት እርሳሶች ስድስት ብቻ መሆናቸው ነው። ኢየሩ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች እስከ ስድስት ቆጠረችና «አለቀ» አለች። ቀጥዪ ሲሏት ፈታኟን በኀዘኔታ እያየች፣ ሌላ እርሳስ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። በዚህም ሁለት ጥፋት ተመዘገበባት፤ አንዱ ትእዛዝ አለመቀበል፣ ሌላው አማርኛ መናገር። ሁለተኛው እጅግ አሳፍሮናል። ጉለሌ ተወልዳ ጉለሌ ያደገች ልጅ አማርኛን ከየት እንዳመጣችው ቤተ ሰቡ እያጣራ ነው። ከኦልያድ እናት የለቀመቻትን ኦሮምኛ ሳትሰሙባት መቅረታችሁ ብቻ አጽናንቶናል።

፫. ስለ ላሟ። የላም ሥዕል አሳይተው ምን እንደሆነች ቢጠይቋት «ጡቷ የታለ?» ብላ ጠየቀች። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ እውነትም ላሟ ጡት የላትም፤ በተጨማሪም ፈገግ ትላለች። እኔና ኢየሩ አንዳንድ ቅዳሜ እስከ ሸጎሌ ወርደን የከብት ገበያውን ከዳር ሆነን እናያለን፤ እስካሁን ፈገግ የምትል ላም አልገጠመችንም። ወደፊት ከገጠመችን ወዲያውኑ እናሳውቃለን።

፬. ተፈጥሮን መሠረት ስላደረገው ትምህርታችሁ። ይህ በብሮሹራችሁ ሽፋን ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ስለዚህ ማድነቅ ግዴታዬ ነው። የፕላስቲክ ሣሩ እንዳይቆሽሽ ሕፃናቱ ጫማ አውልቀው እንደሚረግጡት፣ ከዚያም ጥበቃው በመጥረጊያ እንደሚያበጥረው በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። በእኛ በኩል ባለው የላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ደግሞ ልጆቹ ተፈጥሮን እንዲያጠኑ የደን ፎቶግራፍ ለጥፋችኋል። ያ መስኮት ሳይለጠፍበት በፊት የሚያሳየው የእንጦጦን ተራራ ነበር። በተፈጥሮ ሳምንታችሁም ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በሰርቪስ ሄዳችሁ ነበር፤ እናንተው ጋ የምትማረው የገለታ ትልቋ ልጅ እንደነገረችን፣ ዝናብ ጥሎ ስላደረና የተማሪዎቹ ካልሲ ነጭ ስለሆነ ማንም ከመኪና አልወረደም። ዛፎቹን በመስኮት አይተው፣ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ደግመው፣ ብስኩታቸውን በልተው ተመለሱ። ዛፎቹ እግራቸውን ጠርገው ወደ መኪናው መግባት ስላልቻሉ ከልብ አዝናለሁ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ከልጁ ጀርባ ስለሚበልጠው ቦርሳ፣ ለነርሰሪ ስለሚሰጠው የቤት ሥራ። ቁጥሬን ግን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ኢየሩ ከቃለ መጠይቁ ማግስት ወይራው ሥር አልወረደችም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታይ ዋለች። ኦልያድ በሁለት እጁ ጭቃ ታቅፎ ሲመጣ ቀሚሷን ሰበሰበች። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ አለፍኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ድምፃቸውን ሰምቼ፣ ጨዋታው ተመለሰ ብዬ ደስ እያለኝ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። ለካስ ኦልያድንና ሁለት የጎረቤት ሕፃናትን ግድግዳ ጥግ አሰልፋ እየፈተነች ኖሯል። አንድ በአንድ እየጠራች ጠጠር ታሳያቸዋለች፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠጠሩን ትሰውርና «ገና አልደረስክም» ብላ ትመልሳቸዋለች። ኦልያድ አለቀሰ። ለእርስዎ ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ተናደድኩ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ክብርት ሆይ የምለው ስድቡ እንዳያመልጠኝ ነው።

በዚሁ መሐል መምህር ማቲያስ በራችንን አንኳኩ። ሁለት መልእክት ይዘው ነበር። አንደኛው የምሥራች ነው፤ ኢየሩ በመጪው ሰኞ በድጋሚ እንድትጠየቅ በእርስዎ ቸርነት ተፈቅዶላታል። ሁለተኛው የምሥራቹ ዋጋ ነው፤ በአጥሩ በኩል ያለው የጭቃ ጨዋታ ይቁም ወይም ወደ ጓሮ ይዙር፣ ምክንያቱም የአፐር ኬጂ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው እኛን ይመለከታሉ። መስኮቱ ላይ ደን ተለጥፎ ሳለ እንዴት ሊያዩን ቻሉ ብዬ ጠየቅኩ። መምህር ማቲያስ ጨዋ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ልጆቹ የደኑን ጥግ በጥፍራቸው እንደላጡት ነገሩኝ።

ልጄ ሄራን ያንን ሰኞ አጥብቃ ፈልጋው ነበር፤ አልፈርድባትም። ትምህርት ቤታችሁ አጥራችን ነው፣ እሷ ደግሞ ሥራ የምትገባው በጠዋት ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ልጁን ካባና ቆብ አልብሶ ከኬጂ ሲያስመርቅም የእሷ ብቻ እንድትቀር አትፈልግም። ስለዚህ አዲስ ካርዶች ገዝታ ከሥራ ስትመለስ ማስጠናት ጀመረች። እኔም በእናትና በልጅ መሐል አልገባም ብዬ ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከልኩ። አንድ ቀን እራት ሳይቀርብ የቅጠሉ ካርድ ተራ ደረሰ። ኢየሩ ካርዱን አልገለበጠችውም። እንዳትነካው ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ «ግሪን» አለች። ከዚያ እናቷን ቀና ብላ አየችና «አሁን ደረስኩ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሄራን ካርዶቹን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ሰኞ የሚባለው ነገር በዚያው አበቃ።

ስለዚህ ለሰኞ ያዘጋጃችሁትን ወንበር ለሌላ ለደረሰ ሕፃን እንድትሰጡልን በአክብሮት እንለምናለን። ኢየሩ ከመንገዱ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ አንደኛ ተመዝግባለች። እዚያ ሥዕል ያለበት ካርድ እንደ ልብ የለም። ሣሩም ጥራት ይጎድለዋል፤ ክረምት ሲመጣ ያድጋል። የመዘገቧት መምህርት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን መጫወት ትወጃለሽ አሏት። የኢየሩ እጆች አሁንም ከኋላዋ ናቸው፤ መጀመሪያ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ስለ ግድቡ ጀመረች። ጭቃው ከየት በኩል እንደሚሻል፣ ውኃው ለምን ከሥር እንደሚያመልጥ፣ ኦልያድ ሳይጠይቃት ድንጋይ መክተት እንደሌለበት፣ ሁሉንም በሁለት እጇ እየሠራች አሳየቻቸው። ሰልፉ ቆመ፤ ከኋላችን ያሉ ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። መምህርቷ ግን እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው አዳመጧት። ሰልፍ ሲጓተት ደስ ብሎኝ የቆምኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ የጭቃው ጨዋታ አይቆምም፤ ወደ ጓሮም አይዞርም። ይሁን እንጂ የጉርብትና ወግ አለና፣ ተማሪዎችዎ አንገታቸውን እያጣመሙ እንዳይቸገሩ በማሰብ ግድቡን በተላጠው ጥግ ልክ ለመሥራት ቤተ ሰባችን ተስማምቷል።

ሕፃናትን ከሕፃንነት በጊዜ ለማላቀቅ በሚያደርጉት ጥረት የማይሰለቹትን እርስዎን ከልብ እያደነቅኩ፣ ላሞችዎ ፈገግታቸው ሳይጓደል፣ ደንዎ ሳይላጥ፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ ያኑርልኝ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎና የአጥር ተጋሪዎ
ጌቱ ይመኑ
የኢየሩ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእናንተ በኩል ከቆርቆሮው ሥር ሾልካ ወደ ግቢያችን የምትመጣ አንዲት የአፐር ኬጂ ልጅ አለች። እናቷ ሥራ እስክትጨርስ እዚያው ትምህርት ቤት ስለምትቆይ ጊዜ አላት። ክራቫቷን ወይራው ላይ ሰቅላ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ትገባለች፤ ስትሄድ እግሯን አጥቤ እሸኛታለሁ። ስሟን እንዳልናገር ቃል ስላስገባችኝ አልናገርም፤ የአባቷን ስም ግን ባለቤትዎን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ትናንት እናቷን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ አስፈቅዳን በደስታ ፈቅደናል፤ እርስዎ ሲመጡ በበሩ ይግቡ። ኢየሩ እናትሽ መጫወት ታውቃለች ወይ ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም «አታውቅም፤ ግን እኔ አለማምዳታለሁ» አለች።