ማለዳ የለመድኩት መስመር

ለእትዬ፣ ለቁጡዋ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ቁጣሽስ? እሱ እንኳ እንደማይታመም አውቃለሁ። እማዬ እንቅልፍ ይወስዳታል? አባባ አሁንም ሬዲዮ ከፍተው ያንኮራፉና "ማነው የዘጋው?" ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቁመቴ ግን እንደተውሽው ነው፣ ደስ ይበልሽ።

ሥራህ ምንድነው ብለሽኝ ነበር። ቦውሊንግ ቤት ነው። ሰው ጫማ ይከራይና ከባድ ኳስ በረጅም የእንጨት መስመር ላይ አንከባሎ ጫፍ ላይ የቆሙትን ጠርሙስ የሚመስሉ እንጨቶች፣ ፒኖች ይሏቸዋል፣ ይጥላል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ እኔም ጠይቄያለሁ። የኔ ሥራ ማለዳ መስመሮቹን ዘይት ማስቀባት ነው። ቀቢዋ ማሽን እያጉረመረመች ትሄዳለች፣ እያጉረመረመች ትመለሳለች። የምቀልድበት ሰው ስላጣሁ "እትዬ" እላታለሁ። አትቆጪ፤ እሷ እንኳ ማጥፊያ አላት።

ከዚያ በሩ እስኪከፈት ብቻዬን እጫወታለሁ። አዲስ ዘይት ላይ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይንሸራተትና መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ታጥፎ መሀሉን ይመታል። "አበጀህ!" የምለው ራሴው ነኝ። ባዶው አዳራሽ ደግሞ ይደግምልኛል።

መካኒኩ፣ ጫማ አከራይዋና ገንዘብ ተቀባዩ ቡድን አላቸው። እሁድ እሁድ ከሌላ ቦውሊንግ ቤት ሠራተኞች ጋር ይጋጠሙና አብረው ይበላሉ። አራተኛቸው ሥራ ለቀቀ። እኔም ከግድግዳ ጋር መብላት ሰልችቶኛል፤ ግድግዳ "ብላ እንጂ" አይል! "እኔን አስገቡኝ" አልኳቸው። "ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ እናይሃለን" አሉኝ። "ዓይኔን ጨፍኜ አሸንፋችኋለሁ" ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ቅዳሜ ኳሴን ልክ እንደ ማለዳው ለቀቅኩት። ምን እንደነካው እንጃ! መንገዱን ሳያጋምስ ወደ ግራ ታጠፈና ጥግ ያለችውን አንዲት ፒን ነካክቶ አለፈ። ኃይል ጨመርኩ፤ ያው። መካኒኩ "ኧረ ዓይንህን ግለጥ!" ብሎ ሳቀብኝ። ጫማ አከራይዋ ጠጋ አለችኝና፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጫወት ኳሶቹ ዘይቱን ጠርገው እንደሚወስዱት፣ የደረቀው ቦታ ኳሱን ቶሎ እንደሚይዘው ነገረችኝ። "አንተ ሰው ያልነካው መስመር ነው የለመድከው። ክንድህን ተወው፤ እግርህን ወደ ግራ አርቅ፣ ዓይንህንም አብረህ ውሰድ። እዚያ ዘይቱ አልተነካም" አለችኝ። ከሰው ጋር ተጫውቼ ባውቅ ይሄ መች ይጠፋኝ ነበር?

ወደ ግራ ተጠጋሁ። ኳሱ ወደ ቀኝ ወጥቶ ከመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ገባ ስል ታጠፈና ሁሉንም ዘረገፋቸው። ስዞር መካኒኩ መዳፉን አንስቶ ቆሟል። ጥፊ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ! ለካ መዳፍ ለመዳፍ ልንማታ ኖሯል። ጥፋቱ ያሳደግሽኝ ያንቺ ነው።

ዛሬ አብሬያቸው ተጋጠምኩ፣ አብሬያቸው በላሁ። ሲስቁ ሳቅኩ፤ ግማሹ ወሬ ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት ስለተደረገ ነገር ነበር። ከዚያ የቡድኑ ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ሊጽፉኝ "ማን እንበልህ?" አሉኝ። የቤት ስሜ ምላሴ ላይ መጣና ዋጥኩት። "ዘይቴ በሉኝ" አልኳቸው።

እማዬን ግንባሯን፣ አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ታናሻችንን ጆሮውን ቆንጥጪልኝና "ከወንድምህ ነው" በይው። አጎቴን "መላጣዎ ደህና ነው ወይ ብሏል" በይልኝ። አንቺን ከሩቅ ስለሆንኩ ስሜሻለሁ፤ ከቅርብ አይሞከርም። ስትጽፊልኝ ያንን የቤት ስሜን ከላይ በትልቁ ጻፊው፤ እዚህ የሚያውቀው የለም።

ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን