ኪሩቤል የተወው ሰም

ጥር 9
ልብስ ዘፍዝፌ ነበር። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ አገኘሁ ነው፤ ከኋላው የዕድር ሰዎች። «ምነው በጠዋት?» አልሁ። አገኘሁ ገብቶ ክንዴን ያዘኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።
ትናንት ከጎንደር ሲመለስ፣ ሐሙሲት አጠገብ መኪናው ተገልብጦ... ልጄ ኪሩቤል።

ጥር 24
ክፍሉ ገባሁ። ከሰም የሠራው ምስል ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ። ክንድ የማይሞላ ወጣት ልጅ፣ ራቁቱን ቆሞ እግሩን የሚያይ። ሲሠራው «ጣዖት ልታቆምብኝ ነው?» እለው ነበር። «እማዬ፣ ጣዖት አይደክመውም። ይኸ ደክሞታል፣ እስቲ እዪው።»
ዛሬ አየሁት። እውነትም ደክሞታል።
ጀርባው ላይ የኪሩቤል አውራ ጣት አሻራ አለ። ፀሐይ እንዳያገኘው መስኮቱን ዘጋሁ።

የካቲት 2
ጓደኛው ኡበይዳ መጣ። ከአባቱ ጋር ነሐስ ያቀልጣል። ምስሉን በነሐስ ሊያወጣለት ቃል ገብቶለት ኖሯል።
«እንዴት ነው የሚወጣው?»
«በጭቃ እንለብጠዋለን። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በቦታው ነሐስ ይገባል።»
«ሰሙስ?»
«ሰሙማ ይጠፋል፣ እማማ።»
አይሆንም አልሁ። ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ።

የካቲት 5
የኪሩቤልን ደብተር አነበብሁ። ቀስ እያልሁ። የሚወዳቸው የድሮ እንግሊዝ ቅርጽ ሠሪዎች ናቸው፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩ። ከእነሱ በፊት የነበሩት ነጭ እብነ በረድ እንደ ሳሙና ያለሰልሱ ነበር ይላል። እነዚህ ግን ሥጋና ጅማቱን እንደ ሕያው ሰው ማድረግን ከፈረንሳዮች ተማሩ። ቀጠን ያለውን፣ የሚያስበውን ወጣት ከጥንት ጣሊያኖች ወሰዱ፤ በሰም ማውጣቱንም ከዚያው። «በሰም የወጣ ነሐስ የሠሪውን ጣት አይደብቅም» ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል።
አይደብቅም ማለት... አሻራውም ያልፋል ማለት ነው?

የካቲት 6
ለኡበይዳ ደወልሁ። «አሻራው ይቀራል ወይ?»
«በደንብ ከለበጥሁት ይቀራል። ካበላሸሁት ግን ሁለተኛ የለንም። እኔም ፈርቻለሁ፣ እማማ።»
መፍራቱን ወደድሁለት። ና ውሰደው አልሁት።

የካቲት 14
ዛሬ ነው ነሐሱን የሚያፈሱት። ምንም አልቀመስሁም።

የካቲት 16
በጋቢ ጠቅልሎ አመጣው። ቀና ብሎ አላየኝም። የምስሉ የግራ እጅ ጣቶች አልሞሉም፤ ነሐሱ ሳይደርስ በርዶ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።
አዞርሁት። አሻራው አለ። ጣቴን አሳረፍሁበት። ይቀዘቅዛል...
«ጣቶቹ እንዲሁ ይቅሩ» አልሁት።
«እንግሊዞቹ ከሥሩ ስም ይጽፉበታል። ምን ልጻፍ?»
«ኃይለ ሚካኤል በል። የክርስትና ስሙ ነው።»
«የትኛው ሀ ነው? እኔ እኮ ሦስቱንም አምታታለሁ።»
«ብዙኃኑ። አስተማሪህ ምን ሲሠራ ነበር?»
ሳቅ አለ። እኔም... ከጥር ወዲህ ገና ዛሬ።
ነገ አርባው ነው። ምስሉን ቤተ ክርስቲያን አልወስደውም፤ ቦታው አይደለም። እዚሁ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ስሙን እንዲያነብ። ይህን ደብተር ያገኘኸው፣ ያገኘሽው፣ አንተም አንቺም፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ነፍስ ይማር» በሉልኝ። ኃይለ ሚካኤል ብላችሁ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።