ለቅዳሴ አምስት ሰው

ዓርብ፣ ኅዳር 12

በልተው ጠጥተው ሄዱ። ዛሬ በሚካኤላችን ንግሥ ዲያቆኑ በዝቶ መቅደስ ውስጥ መቆሚያ ጠፍቶ ነበር። ከዘመሮም ከመሐል ሜዳም ያልመጣ የለም። ታቦቱ ገብቶ ድግሱ ሲያልቅ ግን «ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ለቅዳሴው ማን አለ?» ብል ሁሉም ጫማውን ያያል። ለንግሥ ዘመድ፣ ለጾም ባዳ!

ያለ አምስት ሰው ቅዳሴ የለም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ቄስ እኔና መነኩሴው አባ ኃይለ ማርያም አለን። ዲያቆን ግን ሁለት ብቻ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኪዳን አድርሰን እንበተን ነበር። ሰኞ ግን የልጄ የታደለች ሕፃን አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል፤ ያለ ቅዳሴ ደግሞ አይቆርብም። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። ባሏ መሐል ሜዳ እናስነሣው ቢላት «አባዬ እያለ?» ብላ እምቢ አለች። አሁን ምን ልበላት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ኔትወርክ ፍለጋ ጋራውን ሁለቴ ወጣሁ። በመጨረሻ በላቸውን አገኘሁት። ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ድቁና ያስቀበልኩት ልጅ ነው፤ አሁን መሐል ሜዳ ባጃጅ ይነዳል። «መምሬ፣ ባጃጇ እኮ የሰው ናት፤ ለማን ጥያት ልምጣ?» አለኝ። ተቆጣሁ። «የምታገለግለው ሆድህን ነው!» አልኩት። «እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። የበላቸው እመጣለሁ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ባለቤቴ አስካለ «አፍዎን ቢቆጥቡ ምን ነበረ? ሰው በስድብ ይመጣል?» ትለኛለች። በምን ይመጣል ታዲያ? በልመናውም አይቼዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ ነው፤ አገሩ ሁሉ በግ አርዷል። እኛ በአራት ሰው ምን እናደርጋለን፤ ኪዳን አድርሰን ተበተንን። ግማሹ ሕዝብ ቀድሞውንም ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ኪዳነ ምሕረት ሄዷል። እዚያ ቅዳሴ አይታጎልም። ቄሱ መምሬ ጥላዬ ባገኘኝ ቁጥር «ሕዝባችሁን አስቀድሰን ልከንላችኋል» እያለ ያሾፍብኛል። ጥርሴን ነክሼ እስቃለሁ።

ሁለቱን ዲያቆናት ቤታቸው ድረስ ሄጄ «የቀመሰ አይቀድስም፤ ከእራት በኋላ ውኃ እንኳ እንዳትነኩ» ብዬ አስጠነቀቅኩ። ከአባ በቀር የማምነው ሰው የለም።

ጀንበር ስትጠልቅ በላቸው መጣ! መኪና ከሚቆምበት ጀምሮ በእግሩ። አምስት ሆንን። ማመስገን ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። «ዘገየህ» አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያ ብዬ የታጨደውን ገብስ ላየው ወጣሁ። ለመከመር መድረቁን ለማወቅ አንድ ዘለላ አሸሁና ፍሬውን ነከስኩ። ገበሬ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ ለምዶታል። ቀጭ አለ። ደርቋል ብዬ ደስ እያለኝ አኘክሁና ዋጥኩት። ቀኑ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩ በኋላ ነው።

እዚያው እነዶው ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ማን አየኝ የሚል ነበር። አስካለም ስነግራት ያንኑ አለች፤ «አንዲት ፍሬ ናት፤ ማን አየዎት?» ወዲያው ግን ራሷ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ለአባ ነገርኳቸው። «እንግዲህ መቅደስ መግባት የለም» አሉ። በላቸው ሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የከበደኝ ለታደለች መንገር ነው። «እኔ ባባዬ እጅ ብዬ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አላየችም።

ቅዳሴው የቀትር በመሆኑ ጊዜ ተረፈን። ሕፃኑን ይዘን ወንዙን ተሻገርን። መምሬ ጥላዬ ዛሬ አልቀለደም፤ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብሎ ተቀበለን። ሕፃኑ ኃይለ ሚካኤል ተባለ። የልጅ ልጄ በሌላ ቄስ እጅ ሲጠመቅ እኔ ከምእመኑ ጋር ውጭ ቆሜ ሰማሁ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ የምቆጣው ሰው ደግሞ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጠዋት ከቤት አልወጣሁም። ገብሱን አስካለ አስከመረች።

በላቸው ሄዷል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። «ሳንቀድስ ከተመለስኩማ ምን ልሠራ መጣሁ? ባጃጇን ጓደኛዬ ይዟታል» አለኝ። ዛሬስ አመሰገንኩት፤ አጠር አድርጌ።

ቀደስን። የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው የትናንቱን ሰምቶ ማዶ ሄዷል፤ ይሂድ።

ለማቁረብ ስወጣ ታደለች ሕፃኑን ታቅፋ ፊት ለፊት ቆማለች። ጨርቁን ከፊቱ ገለጥ አደረገችና ቀስ ብላ «ዛሬ ደግሞ ካያቱ እጅ ይቀበል» አለች።

አቆረብኩት። ሕፃኑ ቀመሰና ፊቱን አጨማዶ ቤተ ክርስቲያኑን በለቅሶ ሞላው። ያልቅስ።