እንደ ሱሪ እግር የተቆረጠ ቺንጋ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 3 ሰዓት
ሦስት የተማሪ ቀሚስ ይቀረኛል። ሙቀቱ ከአሁኑ አይጣል ነው። ሀጂ እንድሪስ፣ ማሾ ነጋዴው ጎረቤቴ፣ ሻንጣ የሚመስል አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ታቅፈው ገቡ። ሞተሩ ይዞራል፤ ሸክላው የሚቀመጥበት ሰሃን ግን ንቅንቅ አይልም። ከፈትኩት። ሞተሩን ከሰሃኑ የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ በከተማችን በሮቢት ሙቀት ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ሞባይል ጠጋኙ ካሳ ጣሉት ብሏቸዋል። ታዲያ ልብስ ሰፊ ጋ ምን አመጣዎት አልኳቸው። ያንቺስ የስፌት መኪና በቺንጋ አይደል የሚዞረው አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ፣ አልዋሽህም።

አብሮት አንድ ሸክላ አለ። የሟች ወንድማቸው የሰይድ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ዘፈን አስቀረጸ፣ ተመልሶ ማሾውን ዘራ። ሌላ ቅጂ የለም። ሚስቱ እትዬ ሀሊማ ድምፁን ከሰሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እሑድ ደሴ፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ይሄዳሉ። ሳይሄዱ ይስሙት ነው የሀጂ ሐሳብ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ እስከ ዓርብ ይደርሳል አልኩ። ይቺ አፌ።

ረቡዕ 5፣ ከሰዓት
ሬንጁን በአልኮል ጠረግኩ። ጣቴ ጠቁሯል፣ ነጭ ልብስ መንካት ፈራሁ። የቀሚስ ወገብ ላስቲክ ለካሁ፣ ጫፍና ጫፉን ደረብኩ፣ ሦስት ጊዜ መላልሼ ሰፋሁት። የእኔ ስፌት ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ አይተረተርም። ሀጂን አስጠራሁ። ካሳም ሊያይ መጣ።

ሰሃኑ ዞረ። ግን የተሰፋው ቦታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ባለፈ ቁጥር ድምፁ ይንገጫገጫል። ሰይድ ስቅታ የያዘው መሰለ። ካሳ ሳቀ። የምኮራበት ድርብ ስፌት ጉድ ሠራኝ። ካሳ እንዳሳጥርለት የሰጠኝ ሱሪ ነበረው፤ አልደረሰም ብዬ ባዶ እጁን ሰደድኩት።

ሐሙስ 6። ጠዋት
ቂሜ አልወጣልኝም፤ ሥራ ግን ሥራ ነው። የካሳን ሱሪ ላሳጥር ቆረጥኩ። ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀ። ቀለበት። መቀሴን አስቀመጥኩ። የመኪና ጎማ ከመነዳሪም፣ አየር የሚሞላው የውስጡ ጎማ፣ እኮ እንደ ሱሪ እግር ነው፤ አግድም ቢቆርጡት ቀለበት ይወጣዋል፣ መገጣጠሚያ የሚባል የለውም። ሃያ ስምንት ዓመት ስሰፋ ኖሬ ያለ ስፌት የሚያምር ነገር አለ ብሎ ማሰብ ከብዶኝ ነበር። መንገድ ዳር ካለው ጎሚስታ የተጣለ ከመነዳሪ ለመንኩ። ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ ምላጭ።

10 ሰዓት
ዞረ። አልተንገጫገጨም። ሀጂ ማሻአላህ አሉ። ካሳ ጎንበስ ብሎ ቺንጋውን አየ። ከምርቃቱ ይልቅ የካሳን ማጎንበስ ወደድኩት። ደረቴን ነፍቻለሁ።

ዓርብ 7
እትዬ ሀሊማ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። አንድ ስንኝ ሰሙና እሱ አይደለም አሉ። ሀጂ ደነገጡ። እኔ ተቆጣሁ፤ ስሙ ሸክላው ላይ ተጽፏል እኮ አልኳቸው፣ ለትልቅ ሰው እንዲያ አይባልም። እሳቸው አልተቆጡም። ሰይድ ሲራመድም ሲዘፍንም ዝግ ያለ ሰው ነበር፣ እንዲህ አይጣደፍም አሉኝ። ተነሥተው ሄዱ።

አፈርኩ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የቆረጥኩት ጎማ ወፍራም ነው። ወፍራም ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ያወፈረ ያህል ሰሃኑን ያፈጥነዋል። የኔው መኪና መዘውር ያስተማረኝን ረስቼ። ኩራት ጆሮ ይደፍናል ለካ።

ቅዳሜ 8
ከንጋት ጀምሮ ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ። ሁለት ቀለበት ተበጠሰብኝ። ሦስተኛው ሳሳ፣ ዙሪያውን እኩል ሆነ። ወገቤ ሊቆረጥ ነው።

9 ሰዓት። ማጫወቻውን ራሴ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሻንጣቸው ታስሯል። መርፌውን አስቀመጥኩ። እትዬ ሀሊማ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከሰሃኑ አልነቀሉም። እሱ ነው አሉ። ሀጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

እሑድ 9። ጠዋት 2 ሰዓት
ሀጂ ማጫወቻውንም ሸክላውንም ለእትዬ ሀሊማ ሰጡ። ሁለት መለዋወጫ ቺንጋ ፍቄ መናኸሪያ ወሰድኩ። አንዱን ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። አንዱን የእጃቸው አንጓ ላይ ጠመጠሙና መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጃቸውን አሳዩኝ። እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ።

ስመለስ ካሳ በሬ ላይ። ለሱሪው መስሎኝ ነበር። ብብቱ ሥር አሮጌ ቴፕ ሸጉጧል። ቺንጋው ቀልጦብኛል አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወሰንኩ፣ ደብተሬ፤ እሠራለታለሁ። ግን ትንሽ ይቁም፣ ይህን ጽፌ ልጨርስ።