ጭቃ ላይ የቀረው ጀልባ

እሑድ

ቀብሮት መጣ! ጀልባውን፣ ጭቃ ውስጥ። እዚህ ቬጋስ አጠገብ፣ ሌክ ሚድ ሐይቅ ዳር ምሳ ልንበላ ወረድን ይላል፤ ሲመለሱ ንቅንቅ አልል አላቸው። ታዲያ ጎታች መኪና አይጠራም? ባሌ ተፈራ ማንን ሰምቶ! «ነገ ራሱ ይነሳል» ብሎኝ እግሩን ታጥቦ ተኛ። ምን ሊያነሳው ነው? ሐይቁ እንደሆነ በየዓመቱ እየሸሸ፣ ድሮ ጀልባ የምናወርድበት ቦታ ዛሬ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ እያለ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያደርቀኝ የኖረ ሰው!

ሰኞ

ከሺፍት እንደወጣሁ ብርሃኑ ጋ ደወልኩ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ነው። «ምን ነካችሁ?» ብዬ ጮኽኩበት። በስንት ልመና ተናገረ፦ ተፈራ «ማታ ውሃው ሲሞላ ይነሳል» ብሎታል።

እንደ ምጽዋ! እዚያ ባሕሩ ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ጀልባ አሸዋ ላይ ትተው ቢተኙ ጠዋት ተንሳፍፎ ይገኛል። ሐይቅ መቼ እንዲህ ያደርጋል?

ለካ የመጀመሪያው አይደለም። ባለፈውም መኪና ውስጥ «ጥዋለትን አለፍናት?» ብሎ ጠይቆታል። የምጽዋን ደሴት፣ ቬጋስ ላይ! ብርሃኑ ይህን ሁሉ እያወቀ ደበቀኝ። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እህቴ።» እህቴ አትበለኝ አልኩና ዘጋሁበት።

ማክሰኞ

ልጃችን ሳራ፣ «ማሚ፣ ጀልባውን ሴል አድርጉት፣ ኢዚ ነው» አለችኝ። ኢዚ! ለዓርብ የሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ለተፈራ ስነግረው በቁጣ ጀመርኩ፣ ሌላ አላውቅበትም። «አበድክ ነው የምትይኝ?» ብሎ በሩን አላግቶ ወጣ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ማልቀሴ ራሱ አናደደኝ።

ረቡዕ

ብርሃኑ ፒክአፑን ይዞ መጣ፣ ጀልባውን ጎትተን አወጣነው። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ። ጌታው ተፈራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በእጁ ያሳየኛል፦ እዚህ የባሕር ኃይሉ ሰፈር፤ እዚያ ጥዋለት፤ ቀጥሎ ወደቡ ያለባት ደሴት፣ ቤቶቿ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፤ ማዶ አረንጓዴዋ ደሴት፣ ዛፎቿ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ፣ ፔሊካን የሚያርፍባት። ፊታችን ያለው የኔቫዳ ራቁት ተራራ ነው።

«የባሕሩ ሙላት ዛሬ ዘገየ» አለኝ።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። «ይመጣል» አልኩት።

ጀልባው አይሸጥም፤ ሳራ የፈለገችውን ትበል። ከእንግዲህ ግን ያለ እኔ አይወጣም። ስንመለስ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ገዛሁ፣ ለራሴ። የዓርቡን እግዜር ይወቀው። ዋና እንኳ አልችል።