ያልጮኸ አልተጎዳም ያለው ፎርማን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ደሪቱ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? የልጆቹስ ጉንፋን ለቀቃቸው? ነቀምቴ ዝናቡ ገባ? እኔ በክራንች ከመሄዴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልቤማ ከደህናም በላይ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ቦሌ በሚሠራው ፎቅ ሲሚንቶ አቀብል እንደነበር ታውቂያለሽ። ኅዳር ላይ፣ የምንቆምበት ጣውላ መሰንጠቁን ለፎርማናችን ለገመዳ ነገርኩት። «ከፈራሽ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጣውላው ተሰብሮ ከአንደኛ ፎቅ ወደቅሁ። ታምኚኛለሽ እትዬ? ምንም አልተሰማኝም! አቧራዬን አራግፌ እስከ ታክሲው በእግሬ ሄድኩ። መገናኛ ስወርድ ግን ሕመሙ እንደ እሳት ለቀቀብኝና ጎመን ከሚሸጡት ሴቶች መሃል ተዘረርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ገመዳ ለድርጅቱ «በእግሯ ወጥታ ሄዳለች፤ የተሰበረችው ቤቷ ነው» ብሎ ጻፈ። ጓደኞቼንም አስፈራርቶ አፋቸውን አስያዘ። አልጋ ላይ ሆኜ የሚዋረድበትን ቀን ብቻ ነበር የማስበው።

ድርጅቱን ከስሼ ችሎት ስንቀርብ ገመዳ ሱፉን ግጥም አድርጎ መጣ። «እግሩ የተሰበረ ሰው እንዴት ይራመዳል? ያልጮኸ አልተጎዳም» ሲል ሰው ሳቀ። ያከመኝ ዶክተር አብዲሳ ግን ተነሣ። ሰው ድንገት ሲጎዳ አንጎሉ የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል፣ ኢንዶርፊን ይባላል አለ፤ ሞርፊን የሚባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ይዞ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያፍነዋል። «አጥንቱን ግን አይጠግነውም» ብሎ ራጄን ለዳኛዋ አሳያት። ያን ጊዜ አብራኝ የምትሠራው ሰኪና ከኋላ ብድግ ብላ «ስትወድቅ አይቻለሁ» አለች። የገመዳ ፊት አመድ መሰለ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስክጠግብ አየሁት።

ካሳ ተፈረደልኝ፤ እሱንም ድርጅቱ አባረረው። ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጆቹ ተቸግረዋልና፣ ወደ ሥራው እንዲመልሰው ‹ይቅር ብዬዋለሁ› ብለሽ ለድርጅቱ ጻፊለት» አሉኝ። በክብር አስቀምጬ፣ ውሃ አጠጥቼ ሸኘኋቸው እንጂ አልጻፍኩም። ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ከወደቅሁ ወዲህ እንቅልፍ ጠግቤ የተኛሁት ያን ቀን ነው።

ለጋሽ ጃለታ፣ ለቢቂላና ለትንሿ ልዩ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። የገመዳን ነገር ሰምታ «ይቅር በይው» ካለች፣ «ሜቲ ታስብበታለች» ብለሽ አታጽናኛት። አላስብበትም።

እህትሽ ሜቲ
አዲስ አበባ
ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.