አባትሽ የተኛበት መሬት

ልጄ ቱያራ፣ የሰው አገር ይመችሽ፤ የቀዘቀዘ ቤት አይግጠምሽ። ድርቆሹ ገብቷል፤ ላሟም ወልዳለች።

አባትሽ ሃያ ዓመት ሙሉ በየነሐሴው መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጋ፣ ከሥሩ ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጠው በረዶ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ መሬቱን ለሚያጠኑት ሰዎች ይጽፍ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የምወጋው እኔ ነኝ። ዘንድሮ በረዶው ቀልጦ ዘንጉ እስከ እጀታው ሰመጠ። አላስችል ብሎኝ መቃብሩ አጠገብ ብወጋ፣ እዚያም ያው ነው፤ መሬቱ ወደ ወንዙ እየተንሸራተተ ነው።

ጎረቤታችን ማቭራ አይታኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሕይወቱ ነዝንዘሽው አልበቃሽም? የተቀበረ ሰው እንደማይነካ ማን ያስተምርሽ!» አለችኝ።

ቁጥሮቹን ልኬልሻለሁ፤ የመሬቱን ነገር የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እግዜር ዕውቀትሽን ይባርክልኝ። ወንዙ ሳይወስደው ወደ ኮረብታው ላውጣው? ለእናቴ ልዘንላት ሳትዪ እውነቱን ጻፊልኝ። አውጪው ካልሽኝ፣ የማቭራን ቁጣ እችለዋለሁ።

እናትሽ አኩሊና